ዳቦና ማባያ፤ የባለ ቅርንጫፍና የነጠላ ሳንድዊች ቤቶች ታሪክ ሲነጻጸር

ሳንድዊች የሚባለው ምግብ በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ ዳቦና ማባያ። ማባያው ሥጋ፣ ዓይብ፣ ዓሣ ወይም አትክልት ሊሆን ይችላል፤ ዳቦው ግን መያዣ ነው። እጅን ከቅባት ይጠብቃል፣ መረቁን ይመጥጣል፣ ማባያውንም ወደ አፍ እስኪደርስ ድረስ ይሸከማል። ከእንጀራና ከወጥ ጋር ያደገ ሰው የሁለቱን ዝምድና ለመረዳት አይቸገርም። ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ እንጀራው ሲጠቀለል የሚቆራረስ ከሆነ ገበታው ተበላሸ ማለት ነው። የሳንድዊችም ሕግ ይኸው ነው።

የስሙ ታሪክ አጭር ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ጊበን ኖቬምበር 24 ቀን 1762 በዕለት ማስታወሻው ላይ ቃሉን እንደ ምግብ ስም አድርጎ ጽፎት ይገኛል። ስሙ የተወሰደው የሳንድዊች ኧርል ከነበረው ከጆን ሞንታጉ ሲሆን፣ መኰንኑ ከቁማር ጠረጴዛ ሳይነሣ በዳቦ መካከል ሥጋ አድርጎ ይበላ ነበር የሚለው ወሬ በዚያው ዘመን ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ሳንድዊች መሸጥ የአንድ ቤትና የአንድ ሰፈር ሥራ ሆኖ ቆየ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ግን በአንድ ስም፣ በአንድ የዋጋ ሰሌዳና በአንድ ዓይነት ዳቦ በሺህ በሚቈጠር ቦታ የሚሸጡ ድርጅቶች በዩናይትድ ስቴትስ ተነሡ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በጣዕም መልክ ነው። ነጠላው ቤት ጥሩ፣ ባለ ቅርንጫፉ መጥፎ ይባላል፤ ወይም ነጠላው ውድ፣ ባለ ቅርንጫፉ ርካሽ ይባላል። ጉዳዩ በታሪክ ሲመረመር ግን ከጣዕም የቀደመ ጥያቄ ይገኝበታል። ጥያቄው ዳቦው ሲጋገር የትኛው ነገር ሳይለወጥ እንዲጠበቅ ተፈልጎ ነው የሚል ነው።

የአድማው ዳቦ

በኒው ኦርሊንስ ከተማ ቀድሞ የትራም ሠራተኞች የነበሩ ቤኒና ክሎቪስ ማርቲን የሚባሉ ወንድማማቾች በ1922 በፈረንሳይ ገበያ ሰፈር የቡናና የምግብ ቤት ከፈቱ። ጁላይ 1 ቀን 1929 ከሺህ በላይ የሚሆኑ የከተማዪቱ የትራም ነጂዎችና ትኬት ቆራጮች ሥራ አቆሙ። ወንድማማቾቹም ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው ደብዳቤ ጽፈው፣ አድማው እስኪያበቃ ድረስ በነፃ እንደሚመግቧቸው ቃል ገቡ። አድመኛ በበሩ ሲገባ፣ ሌላ ምስኪን ልጅ መጣ እየተባባሉ ይጠራሩ ስለ ነበር፣ ሳንድዊቹ ፖ ቦይ ማለትም ምስኪኑ ልጅ ተባለ እየተባለ ይነገራል።

ቃል መግባቱ ቀላል ነበር፤ ዳቦው ግን አስቸገረ። የከተማው የፈረንሳይ ዳቦ መሐሉ ወፍራም፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሾጣጣ ነበሩ። ለብዙ ሰው እኩል ይከፈል ሲባል መሐሉ የደረሰው ይጠግባል፤ ጫፉ የደረሰው ግን ቅርፊት ብቻ ይይዛል፤ ወይም ጫፉ ተቆርጦ ይጣላል። ስለዚህ ማርቲኖች ጆን ጄንዱሳ ከሚባል ዳቦ ጋጋሪ ጋር መከሩ። ጄንዱሳም 40 ኢንች፣ ማለት አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱ የማይለወጥ ዳቦ ጋገረላቸው። ይህ ዳቦ በየትኛውም ቦታ ቢቈረጥ ቍራጩ እኩል ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቋሚ ልክ ማውጣት የትልልቅ ድርጅቶች ፈጠራ ተደርጎ ይታሰባል። የጄንዱሳ ዳቦ ግን በነጠላ ሱቅና በነጠላ ፉርኖ ቤት መካከል የተደነገገ ቋሚ ልክ ነበር። ልኩ የወጣው ሰልፍ ይዞ ከቆመው ሰው ድርሻ እንጂ ከጭነት መኪና ወይም ከመጋዘን ስፋት አልነበረም። ማባያውም የተቸገረ ሰው ማባያ ነበር። ከጥንቶቹ ፖ ቦዮች አንዱ የተጠበሰ ድንች የበሬ ሥጋ መረቅ ፈስሶበት የሚሸጥ ነበር። ኋላ ላይ የተጠበሰ ሽሪምፕና ኦይስተር፣ በመረቅ የራሰ የበሬ ሥጋ፣ ከዚህም ጋር ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያርና ማዮኔዝ የታወቁት የፖ ቦይ ማባያዎች ሆኑ።

የዳቦ ጠባይ

የኒው ኦርሊንስ ዳቦ ቅርፊቱ ስስና ተሰባሪ፣ ውስጡም እንደ ጥጥ የቀለለ ነው። ቅርፊቱ መረቁ ወዲያው እንዳያፈርሰው ይከላከላል፤ ውስጡ ደግሞ መረቁን ይመጥጣል፤ ሲነከስም በቀላሉ ስለሚሟሽሽ በውስጡ ያለው ሽሪምፕ ወደ ውጭ አይገፋም። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ዳቦው ለተወሰነ ጭነት የተሠራ መዋቅር ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ዳቦ ዕድሜው አጭር ነው። ዳቦ የሚደርቀው ውኃው ስለ ተነነ ብቻ እንደሆነ ይታሰባል፤ ነገር ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። በምድጃ ውስጥ ውኃ ጠጥቶ የተፈታው ስታርች ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ በቀስ እንደ ገና ወደ ጠጣር አደረጃጀት ይመለሳል። ይህ ለውጥ እጅግ የሚፈጥነው ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ ማለት በተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲሆን፣ ዳቦው ጨርሶ በረዶ ሲሆን ግን ይቆማል። በዚሁ ላይ ቅርፊቱ ከውስጡ እርጥበት እየሳበ ተሰባሪነቱን ያጣል። ስለዚህ ስስ ቅርፊት ያለው ዳቦ በማለዳ ተጋግሮ በዚያው ቀን ሊበላ ግድ ነው።

ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ምድጃውን ወደ በላተኛው ማቅረብ ነው፤ ሁለተኛው ዳቦው ርቀትንና ጊዜን እንዲችል አድርጎ መሥራት ነው። ነጠላው ቤት በመጀመሪያው መንገድ ሄደ፤ ባለ ቅርንጫፉ ድርጅት ደግሞ ሁለቱን መንገዶች በአንድነት ለመያዝ ሞከረ።

በአንድ ሺህ ዶላር ብድር

በኮነቲከት ክፍለ ሀገር፣ በብሪጅፖርት ከተማ፣ ኦገስት 28 ቀን 1965 የ17 ዓመቱ ፍሬድ ዴሉካ አንድ ትንሽ ሳንድዊች ቤት ከፈተ። አንድ ሺህ ዶላር ያበደረውና ሽርክ የሆነው ዶክተር ፒተር በክ በሙያው የኒውክሌር ፊዚክስ ሊቅ ነበር። ወጣቱ ሱቁን የከፈተው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍያውን ለማግኘት ነው። ሽርኮቹ በ10 ዓመት ውስጥ 32 ሱቆች ለመክፈት አቅደው ነበር፤ በ1974 ግን የነበራቸው ግማሹ፣ 16 ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው ስማቸውንና አሠራራቸውን ለሌላ ሰው በክፍያ የማከራየቱን ውል፣ ፍራንቻይዝ የሚባለውን፣ የጀመሩት። ድርጅቱ ሰብዌይ ነው። በ2010 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ 33,749 ሱቆች ኖረውት በሱቅ ብዛት ከማክዶናልድ በልጦ ተገኘ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ ዳቦውን በየሱቁ መጋገር ጀመረ። የትኩስ ዳቦ ሽታ ከመንገድ ላይ ሰው እንደሚጠራ ማንም ያውቀዋል። ሆኖም ሱቁ ውስጥ የሚጋገረው ሊጥ በሱቁ ውስጥ አይቦካም። በፋብሪካ ቦክቶ፣ በዱላ መልክ ተመዝኖና በረዶ ሆኖ ይመጣል። በሱቁ ውስጥ በረዶው ይፈታል፣ ሊጡ በሙቅ ሣጥን ውስጥ ኵፍ ይላል፣ ከዚያም ይጋገራል። በዚህ ዘዴ ምድጃው ወደ በላተኛው ቀረበ፤ አቡኪው ግን ራቀ።

በረዶ የሆነ ሊጥ ደግሞ የራሱ ፍላጎት አለው። የበረዶው ቅንጣት የእርሾውን ሕዋሳት በከፊል ይገድላል፣ ሊጡን አስሮ የሚይዘውን ግሉተንም ያዳክማል። ስለዚህ እርሾው እንዲበዛ፣ ዱቄቱ ጠንካራ እንዲሆን፣ ግሉተኑን የሚያጠነክር ቅመም እንዲጨመር ያስፈልጋል። ስኳርና ቅባት ሲጨመርበት ዳቦው ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ቀለሙም ቶሎ ይወጣል። የባለ ቅርንጫፍ ዳቦ ለስላሳና ጣፋጭነት የሚሰማው የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ ወይም በንቀት አይደለም። እያንዳንዱ ጨማሪ በሊጡና በበላተኛው መካከል ላለው ርቀት የተከፈለ ዋጋ ነው።

ልኩ በፍርድ ቤት

ይህ ዋጋ በሦስት አጋጣሚዎች በአደባባይ ተቈጥሯል። የመጀመሪያው በ2013 የተነሣው የርዝመት ክርክር ነው። አንድ አውስትራሊያዊ ወጣት 12 ኢንች ተብሎ የተሸጠለትን ሳንድዊች በማስመሪያ ለክቶ 11 ኢንች ሆኖ ስላገኘው ፎቶግራፉን ለሕዝብ አሳየ። በአሜሪካም ክሶች ተከተሉ። ተከራካሪዎቹ ስምምነት ላይ ቢደርሱም የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኦገስት 2017 ስምምነቱን ሻረው። ፍርድ ቤቱ እንደ ተገነዘበው የሊጡ ዱላዎች ክብደት አንድ ነው፤ ዳቦው በምድጃ ውስጥ ጥቂት አጥሮ ቢወጣ ወርዱ ይጨምራል እንጂ የዳቦው መጠን አይጎድልም። መሐንዲሶች እንደሚያውቁት በማንኛውም ሥራ ውስጥ የሚፈቀድ የልክ ልዩነት አለ። ክርክሩ የተነሣው ድርጅቱ በፋብሪካ የሚጠብቀው ክብደትን ሆኖ ሳለ ለሕዝብ የሸጠው ግን የርዝመትን ስም በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው በ2014 የተነሣው የቅመም ጉዳይ ነው። አዞዳይካርቦናማይድ የሚባለው ሊጥ የሚያጠነክር ቅመም በአሜሪካ ሕግ ከዱቄቱ ክብደት በሚሊዮን 45 እጅ ድረስ የተፈቀደ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት ግን ለምግብ አይፈቀድም ነበር። የሕዝብ አቤቱታ በመብዛቱ ሰብዌይ ቅመሙን ከዳቦው አወጣ።

ሦስተኛው በሴፕቴምበር 2020 በአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሰጠው ብይን ነው። የአገሪቱ የ1972 የተጨማሪ እሴት ግብር ሕግ ዳቦን የዕለት ምግብ ነው ብሎ ከግብር ነፃ ሲያደርገው፣ የስኳሩ ክብደት ከዱቄቱ ክብደት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አንድ የሰብዌይ ቅርንጫፍ ባለቤት ግብር ይመለስልኝ ብሎ ሲከራከር የዳቦው ስኳር ከዱቄቱ 10 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱም ለዚህ ሕግ ሲባል ይህ ዳቦ አይደለም ሲል ወሰነ። ብይኑ የግብር ብይን እንጂ የጣዕም ፍርድ አይደለም። ሆኖም ርቀት የጠየቀው ጨማሪ ነገር ሲደማመር አንድን ምግብ ከስሙ ሊያስወጣው እንደሚችል ያሳያል።

ማባያው

ማባያውም የዳቦውን መንገድ ተከትሏል። ሰብዌይ ለብዙ ዓመታት ሥጋውን በፋብሪካ ተቈርጦ፣ በየሳንድዊቹ የሚገባው ቅጠል ተቈጥሮ እንዲመጣ ያደርግ ነበር። ይህም የብክነትን መጠን አሳነሰ፤ የሠራተኛውንም ሥልጠና አሳጠረ። ሦስት ዓይነት ሥጋ ተብሎ በሚሸጥ አንድ ታዋቂ ሳንድዊቹ ውስጥ ሃም፣ ሳላሚና ቦሎኛ የሚባሉት ሦስቱም ከተርኪ ሥጋ የተሠሩ ናቸው። ስሙ ሦስት፣ ምንጩ አንድ መሆኑ ለግዢና ለመጋዘን እጅግ ይመቻል።

የሥጋው አቈራረጥ ግን የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። ሥጋ በስሱ ተቈርጦ ወዲያው ሲደረደር በቅጠሎቹ መካከል አየር ይቀራል፤ ሲነከስ ይለሰልሳል፤ ጣዕሙም ይጐላል። ተቈርጦ የቆየ ሥጋ ግን ተጣብቆ እንደ አንድ ወፍራም ቍራጭ ይሆናል። ይህን የጣሊያን ስደተኞች ልጆች በፊላደልፊያና በኒው ጀርሲ ባቋቋሟቸው ሱቆች ውስጥ ማንም ቆራጭ ያውቀዋል። ሰብዌይም በጁላይ 2023 በአሜሪካ ቅርንጫፎቹ የሥጋ መቁረጫ መኪና ማስገባቱን አስታወቀ። ከ58 ዓመት በኋላ ባለ ቅርንጫፉ ድርጅት የነጠላውን ቤት አሠራር ተበደረ ማለት ነው።

ከዚህ ለውጥ በስተጀርባ ሌላ ነጠላ ቤት አለ። በኒው ጀርሲ ጠረፍ፣ በፖይንት ፕሌዘንት ከተማ፣ በ1956 የተከፈተውን የማይክ ሳንድዊች ቤት በዚያው ይሠራ የነበረው ፒተር ካንክሮ በ1975፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ገዛው። በ1987 በፍራንቻይዝ ማስፋፋት ሲጀምር ሥጋውና ዓይቡ በደንበኛው ፊት እንዲቈረጥ ያዘዘው ደንብ አልተለወጠም። ጀርሲ ማይክስ ተብሎ በ2024 3,000 ያህል ሱቆች ነበሩት። ስለዚህ ባለ ቅርንጫፍ መሆን በራሱ ማባያውን አያበላሽም። የሚያበላሸው ከማስፋፋቱ በፊት ይህ አይለወጥም ተብሎ የሚያዝ ነገር አለመኖሩ ነው።

የዋጋም ነገር አለ። የሰብዌይ ቅርንጫፍ ባለቤት ለብዙ ዓመታት ከሽያጩ 8 በመቶ ለስም ኪራይ፣ 4.5 በመቶ ለማስታወቂያ ሲከፍል ቆይቷል። በ2004 በማያሚ የአንድ ቅርንጫፍ ባለቤት ባለ 12 ኢንቹን ሳንድዊች በ5 ዶላር መሸጥ ጀመረና ገበያው ደራለት። በ2008 ማእከሉ ሐሳቡን ወስዶ በመላው አገር አወጀው። በአንድ ሱቅ የተወለደ ብልኀት ደንብ ሲሆን ግን የሱቅ ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የሥጋው ዋጋ በየከተማው ይለያያል፤ ዋጋው አንድ ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው የቅርንጫፉ ባለቤት ነው። በአሜሪካ ከ27,000 በላይ ደርሰው የነበሩት ሱቆች ከ2015 በኋላ እየቀነሱ ሄደው በ2024 መጨረሻ ከ20,000 በታች ወረዱ።

ነጠላው ቤት የማን ጥገኛ ነው?

እስካሁን የተባለው ነጠላውን ቤት የሚያወድስ ይመስላል። ነገር ግን ነጠላ የሚለው ቃል ራሱ ያታልላል። በፊላደልፊያ ፓት ኦሊቪየሪ በ1930 የሥጋ ሳንድዊች መሸጥ ሲጀምር ዳቦውን ራሱ አልጋገረም። የአሞሮሶ ፉርኖ ቤት በ1904፣ የዚያች ከተማ የሳርኮኔ ፉርኖ ቤት በ1918 የተቋቋሙ ናቸው። በኒው ኦርሊንስ ጀርመናዊው ላይደንሃይመር ፉርኖ ቤቱን የከፈተው በ1896 ነው። ሳንድዊች ሻጩ በማለዳ የሚመጣለት ዳቦ ባይኖር ሥጋው ብቻውን ምንም አያደርግለትም። ነጠላው ቤት ከማእከላዊ ድርጅት ነፃ ቢሆንም ከፉርኖ ቤቱ ነፃ አይደለም።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሳንድዊች ቤት ሲዘጋ ሌላ ይከፈታል። ፉርኖ ቤት ሲዘጋ ግን በእርሱ ዳቦ የሚሠሩት ሱቆች በአንድ ቀን ሌላ ዳቦ ለመፈለግ ይገደዳሉ፤ ቅርብ ካላገኙም በረዶ የሆነውን ያዝዛሉ። ያን ጊዜ በስም ነጠላ፣ በዳቦ ባለ ቅርንጫፍ ሆኑ ማለት ነው። በ2007 በኒው ኦርሊንስ የፖ ቦይ መጠበቂያ በዓል የተጀመረው በአገር አቀፍ ፈጣን ምግብ ቤቶች መስፋፋት ነጠላዎቹ ሱቆች እንዳይጠፉ በማሰብ ነበር።

የፉርኖ ቤት ሙያ ግን በዘር የሚወረስ አይደለም። ከቪየትናም ጦርነት በኋላ ወደ ኒው ኦርሊንስ ከመጡት ስደተኞች መካከል አንድ ቤተ ሰብ በ1982 ዶንግ ፉኦንግ የሚባል ፉርኖ ቤት ከፈተ። ቪየትናሞች የፈረንሳይን ዳቦ በቅኝ ግዛት ዘመን ተቀብለው ቅርፊቱን አስስተው፣ ውስጡን አቅልለው ባን ሚ የሚባለውን ሳንድዊች ሠርተውበት ነበር። ይህ ዳቦ ለፖ ቦይ ከሚያስፈልገው ዳቦ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ዛሬ የዶንግ ፉኦንግ ዳቦ በከተማዪቱ ፖ ቦይ በሚሸጡ ቤቶች ይገኛል፤ በ2018ም የጄምስ ቢርድ ድርጅት ፉርኖ ቤቱን ከአሜሪካ ነባር ምግብ ቤቶች ተርታ አስመድቦ ሸልሞታል። ጄንዱሳ በ1929 ያደረገውን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከሌላ አህጉር የመጣ እጅ ቀጠለው።

የንጽጽሩ ውጤት

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ቋሚ ልክ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። የማርቲን ወንድማማቾች ዳቦ ቋሚ ልክ ነበረው፤ የሰብዌይም ዳቦ ቋሚ ልክ አለው። ልዩነቱ የመጀመሪያው የሰውን ድርሻ እኩል ለማድረግ፣ ሁለተኛው ሱቁን ከሱቅ ጋር አንድ ለማድረግ መወሰኑ ነው። የመጀመሪያው ዓላማ ጋጋሪውና ሻጩ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እንዲመክሩ አስገደደ። ሁለተኛው ዓላማ ሁለቱን አለያይቶ ውኃ ልኩን በመካከላቸው ላለው መንገድ ሰጠው። ስኳሩም፣ ቅመሙም፣ ተቈርጦ የመጣውም ሥጋ የተወለዱት ከዚህ መንገድ ነው።

ሥራው ሕንፃም ሆነ መንገድ፣ ፋብሪካም ሆነ ዳቦ፣ ልክ የሚያወጣ ባለ ሙያ ሁሉ ይህ ምርጫ ይገጥመዋል። አንድ ነገር ሳይለወጥ ሲጠበቅ ሌላው እንዲለወጥ መፍቀድ ግድ ነው። የዳቦው ርዝመት ከተጠበቀ ወርዱ ይለዋወጣል፤ ዋጋው ከተጠበቀ ማባያው ይሳሳል፤ ትኩስነቱ ከተጠበቀ ደግሞ ፉርኖ ቤቱ ከሱቁ ርቆ ሊሄድ አይችልም። ጄንዱሳ ሊጡን ከማቡካቱ በፊት የትኛው እንዲጠበቅ እንደሚፈለግ ጠይቆ ነበር። የጠየቀውም ሰልፉን ያዩትን ሰዎች ነው።